ለእንግዳ የተቀመጠው ቱቦ

ከሰው ጀርባ በመርፌ የሚወጣው ፈሳሽ ጤናማ ሲሆን ከውሃ አይለይም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ነው። ጂንካ ውስጥ፣ ዛሬ በተዘጋ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅለው ነበር። የተሰቀለው ቀን ሊታይበት አልነበረም። ቱቦውን ከፊቱ ይይዙና በፈሳሹ ውስጥ አሳልፈው ቁጥሮቹን ያነባሉ። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ከታዩ ፈሳሹ ንጹሕ ነው፤ ከደበዘዙ ሐኪሙ ቶሎ ይጠራል።

«አንብቢ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንቴ።

«ዐሥራ ሰባት።»

«ከሥሩስ?»

«ሃያ አራት።»

«ጎበዝ። ቁጥሩ ታየኝ ብለሽ ግን ንጹሕ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። መቁጠር አለብሽ። ነይ ወደ ማይክሮስኮፑ።»

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጬ ጂንካ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ያኔ ከከተማው መካከል የተዘረጋ ሣር ነበርና፣ አውሮፕላን በሚመጣበት ዕለት በሜዳው የሚግጡት ከብቶች አስቀድመው ይባረሩ ነበር። ከክሊኒኩ መስኮት ከብቶቹ ሲሮጡ ካየን መድኃኒት ሊደርሰን እንደሆነ እናውቃለን።

ኃላፊው የአሪ ሰው ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ንብ አናቢ፣ አንዳች ነገር የማይጥሉ። የፔኒሲሊን ብልቃጥ አጥበው አፍልተው ለሌላ ሥራ ያውሉት ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ብዙ አያወሩም፤ እኔም ብዙ አላወራም፤ ስለዚህ ተስማማን።

የጀርባ ውሃ ሲቀዳ በሦስት ቱቦ ነበር የምንቀበለው። በየቱቦው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይጻፋል። መርፌው ቆዳና ጡንቻ አልፎ ሲገባ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሊነካ ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ደም ሊቀላቀልባቸው ይችላል፤ እየፈሰሰ ሲሄድ ይጠራል። ሴሎቹን ከሦስተኛው ቱቦ የምንቆጥረው ለዚህ ነበር። ደሙ ጥቂት ከሆነ ግን ለዓይን ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

በዚያው ዓመት ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ጋሼ ቤታቸው ጠሩኝ። ባለቤታቸው ገና ከቀፎ የወረደውን ማር በሳፋ አቅርበው «የትኛውን ልስጥሽ?» ሲሉኝ፣ «ለእኔ ከሥር ያለችው ትንሿ ቁራጭ ትበቃኛለች» አልኩ። ጋሼ ሳቁ።

«ሰማሽ?» አሉ ለባለቤታቸው። «አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት። ከላይ ያለውን፣ እጅ ያልነካውን ስጫት።»

በእሳቸው ቤት እንግዳ ትራፊ ይበቃኛል ሲል ቃሉን ይዞ ትራፊ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። እንግዳው እንዲህ ማለት አለበት፤ ባለቤቱም እንዳልሰማ መሆን አለበት። ያን ማር በልቼ አመስግኜ ወጣሁ። ነገሩን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አላሰብኩትም።

ከጂንካ ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ለትምህርት ነው። አንዱ ዲግሪ ሌላውን እየጎተተ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጠጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር፤ ሥራዬ ግን ዞሮ ዞሮ ከዚያው የጀርባ ውሃ አልራቀም። አሁን የምፈልገው ሴል ሳይሆን ሴል የሚለቀውን ነገር ነበር። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ አጫጭር ክሮች አሉ። ርዝመታቸው ሃያ ሁለት ፊደል ገደማ ነው፤ ሥራቸው ረጃጅሞቹን የሴሉን መልእክቶች ዝም ማሰኘት ነው። ከሴል ወጥተው በደም ውስጥ፣ በእንባ ውስጥ፣ በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽም ውስጥ ይገኛሉ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ የአንጎል ሽፋን ሲቆጣ ከእነዚህ ክሮች የትኛው ይበዛል? ይህ ቢታወቅ አንዱን የማጅራት ገትር ዓይነት ከሌላው ለመለየት አንድ ቀን ይረዳ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

ችግሩ የናሙናው ማነስ ነው። ከአንድ በሽተኛ የማገኘው ሁለት መቶ ማይክሮ ሊትር ነበር፤ አራት ጠብታ ማለት ነው። ክሮቹን ከአራት ጠብታ አጣርቼ ሳወጣ በቱቦው ሥር ምንም አይታይም። ስለዚህ ግላይኮጅን የተባለ ስኳር ነክ ነገር እጨምራለሁ፤ ክሮቹ ከእሱ ጋር ተጣብቀው ሲወርዱ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትታየኛለች። በመንገድ ላይ ምን ያህሉ እንደጠፋብኝ ለማወቅ ደግሞ በሰው ውስጥ የሌለ፣ የአንዲት ደቃቅ ትልን ክር የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ከማጣራቴ በፊት ለክቼ እጨምራለሁ። ከእሱ መጨረሻ ላይ የቀረው መጠን የሌሎቹንም ጉድለት ይነግረኛል።

ከዚያ ማባዛት ይመጣል። በኮሮና ጊዜ ሁሉም ሰው ስሙን የለመደው ፒሲአር የሚሠራው ይህንኑ ነው። የእኔ ክሮች ግን እጅግ አጭር ስለሆኑ የተለመደው መነሻ ክር አይቆምባቸውም። ስለዚህ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሌላ ክር ይዘጋጃል፤ መንጠቆው አጭሩን ክር በአንድ ጫፉ ይይዝና እንዲረዝም ያደርገዋል። ከረዘመ በኋላ መሣሪያው በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል፤ እየበዛ ሲሄድም ያበራል። ብርሃኑ አንድ የተሰመረ መስመር ያለፈበት ዙር ይመዘገባል። በሃያኛው ዙር ያለፈ ክር ከመጀመሪያው ብዙ ነበር፤ በሠላሳ አምስተኛው ያለፈ ለጥቂት ነው የተገኘው። መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ሲቆዩ፣ ከዚያም አንዱ ቀና ማለት ሲጀምር ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ናሙና ከምሰበስብባቸው ቦታዎች አንዱን ጂንካ አደረግሁ። ጋሼ ጡረታቸው ቀርቦ ነበር፤ ክሊኒኩም ገና አልተዘጋም። ስገባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩኝ።

«ዶክተር!»

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«ገና ከሆንሽማ ቁጭ በይ፤ የቀን መቁጠሪያውን አስነብብሻለሁ።»

የምፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። «ከሦስተኛው ቱቦ፣ የሴል ቆጠራው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ጥቂት ፈሳሽ» ይላል። ለበሽተኛው ሕክምና የሚያስፈልገው ሁሉ ከተሠራ በኋላ ትራፊውን መውሰዴ የምርምር ሥነ ምግባሩም የሚጠይቀው ነው። ፈሳሹ ሳይውል ሳያድር በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ፣ ሴሎቹ ከታች ቀርተው፣ ከላይ ያለው ብቻ ቁጥር ወደሌለው ሌላ ትንሽ ቱቦ ተገልብጦ እንዲቀዘቅዝ አሳየኋቸው። ማቀዝቀዣው ሌላ ጣጣ ነበር። መብራት በሚሄድበት ከተማ ፍሪዘር አይታመንም። መፍትሔው የተገኘው ከከብት ማዳቀያ ባለሙያው ነው፤ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጥበት የፈሳሽ ናይትሮጅን ማሰሮ ነበረው።

«ቦታ አይጠፋም» አለ ክዳኑን እያነሳ፤ ነጭ ጉም ወጣ። «ስም ብቻ በደንብ ጻፉበት። ተሳስቼ የሰው ጀርባ ውሃ ላም ላይ ብሞክር ኃላፊነቱን አልወስድም።»

በዚያ ጉዞ አንዲት ሴት አገኘሁ። ከጂንካ ወጣ ካለችው ካኮ የመጣች የበና ብሔረሰብ ሴት ናት፤ በገበያ ማሽላ ትገዛለች፤ ትሸጣለች። ባሏ አንገቱ ደርቆ፣ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። ውሃው ተቀድቶለት መድኃኒት ከተጀመረለት በኋላ ትራፊውን ለጥናት እንድወስድ ፈቃድ ለመጠየቅ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። እሱ ራሱ መናገር አይችልም ነበር፤ ውሳኔው የእሷ ሆነ።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አለችኝ።

«ውስጡ ያለውን አያለሁ። በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ለባልሽ ሕክምና ግን አይጠቅምም፤ አልዋሽሽም።»

«ለእሱ ካልጠቀመ ለማን?»

«ምናልባት ወደፊት ለሌላ ሰው።»

አሰበች። «አይተሽ ስታበቂ ዝም ትያለሽ። እናንተ ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ ዝም።»

«መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«ካኮ ድረስ?»

«ካኮ ድረስ።»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ባሏ ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ያዳነው መድኃኒቱ ነው።

ከአንድ ዓመት በላይ የጂንካ ቱቦዎች እየተጠራቀሙ መጡልኝ። ሁሉንም በአንድ ላይ ሳሠራቸው አንዱ ክር ከሌላ ቦታ ከመጡት ናሙናዎች ሁሉ ቀድሞ ቀና አለ። በአንድና በሁለት ዙር ቢሆን አልገረምም ነበር፤ የቀደመው ግን በብዙ ዙር ነው። ደገምኩት፤ ያው ነው። የትሏ ክር በሁሉም ቱቦዎች እኩል ስለወጣ ስሕተቱ ከእጄ አልነበረም። አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው «ይህ ሌላ ቦታ ያልታየ ነገር ነው» አሉኝ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ በሽታው የተለየ መልክ ይኖረው ይሆን? አፈሩ፣ ሙቀቱ፣ ወይስ ሰዎቹ ሌላ በሽታ ደርበው ይዘው? ለጥቂት ሳምንታት በእግሬ ስሄድ እንኳ ስለዚያ ክር አስብ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ዋና ምዕራፍ፣ የዓመታት ልፋቴ ሁሉ፣ በዚያ ልዩነት ላይ ቆመ። በልቤ ደግሞ ለካኮዋ ሴት የምነግራት ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር።

ያን ክር ሳጠና ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ይኸው ክር በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ እንደ ጉድ የበዛ ነው። ጥቂት ቀይ ሴሎች ከመሽከርከራቸው በፊት ቢፈነዱ በአራት ጠብታ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሸፍኑታል። የጂንካ ቱቦዎች ግን ለዓይን ውሃ ነበሩ፤ ደግሞም ከሦስተኛው ቱቦ ነው የመጡት። እንዲያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ሁለት ማይክሮ ሊትር ወስጄ ብርሃን በሚለካው መሣሪያ አየሁ። መሣሪያው በሚስለው መስመር ላይ፣ የደም ቀለም ብርሃን በሚውጥበት ቦታ፣ ትንሽ ጉብታ ነበረች። በአንዱ ትንሽ፤ በሌላው ትንሽ ከፍ ያለች። በአብዛኞቹ ግን ነበረች።

በስልክ ልጠይቅ እችል ነበር። ግን በስልክ የምጠይቀው ጥያቄ ክስ እንዳይመስል ማድረግ አልቻልኩምና ሄድኩ።

ጋሼ ሥራ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ውጤቱ ሳልናገር «እንደወትሮው ሲያደርጉ ልይ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ሦስት ቱቦ የተደረደረበትን መደርደሪያ ፊታቸው አደረጉ። የመጀመሪያውን ቱቦ አነሱ፤ በቀን መቁጠሪያው ፊት ይዘው ቁጥሮቹን አነበቡ፤ ከዚያ ክዳኑን አጥብቀው ንጹሕ ፎይል ጠቀለሉበት፤ እስኪሽከረከር ለብቻው አስቀመጡት።

«ይህ ያንቺ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት የሦስተኛውን ትራፊ ነበር።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ!» ሳቁ። «አንቺ መቼም ትራፊ ይበቃኛል ማለት ልማድሽ ነው። ሦስተኛውን ከፍተን፣ ፒፔት ነክረን፣ ቆጥረን፣ የተነካካውን ልስጥሽ? ከአዲስ አበባ ድረስ ለመጣች ልጅ? የስኳር ምርመራውን ከሁለተኛው እየሠራሁ አንደኛውን እንዳልተነካ ነው የማስቀምጥልሽ። የደፈረሰ ከሆነ አልሰጥሽም። ቁጥሩ ጥርት ብሎ የታየውን ብቻ ነው የመረጥኩልሽ።»

የማሩ ሳፋ ትዝ አለኝ። በገጹ ላይ ለምን ሦስተኛው እንደሆነ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም ነበር። ለእሳቸው ማስረዳት ድፍረት መስሎኝ ነበር፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና።

«ምን ሆንሽ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ስለ ቀይ ሴሎቹ፣ ስለ ጉብታዋ፣ ስለ ክሩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉ።

«ሁሉም?»

«የትኛው ንጹሕ እንደሆነ በእርግጠኝነት ልለይ ስለማልችል ሁሉም።»

«ቁጥሩ ታየኝ ብለሽ ንጹሕ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ ቀስ ብለው። የራሳቸውን ቃል ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ቀና ብለው «እና ይህን ሁሉ ጊዜ ስታዪ የኖርሽው ደም ነው?» አሉኝ።

«ደም ነው።»

«ደምማ እዚሁም ነበረን፤ እዚያ ድረስ ምን አስኬደሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በማግስቱ ካኮ ገበያ ነበርና ሄድኩ። ሴትየዋ ከማሽላ ጆንያዎች መካከል ቆማ ከአንድ ገበሬ ጋር ትከራከር ነበር። ክንዷን እስከ ብብቷ ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ከሥር አንድ እፍኝ አወጣች፤ በመዳፏ ላይ ዘርግታ አየችው፤ ነፋችበት። ከዚያ እኔን አየች።

«መጣሽ!»

«ብያለሁ እኮ።»

«እሺ፣ ምን አየሽ?»

«ምንም አላየሁም። የወሰድነው ከመጀመሪያው ውሃ ነበር። መርፌው ሲገባ የነካው ደም ተቀላቅሎበታል፤ የምፈልገውን ሸፈነብኝ።»

«ደሙ የማን ነው?»

«የባልሽ።»

«የሱ ከሆነ ምን ጥፋት አለው?»

«ጥፋት የለውም። ግን እኔ የፈለግሁት ከጀርባው ውስጥ ያለውን ነበር፤ መግቢያው ላይ ያለውን አልነበረም።»

መዳፏ ላይ ያለውን ማሽላ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ጆንያው አፍ በአገጯ አመለከተች። «ከላይ ያለው ለዓይን ነው። እኔ ከላይ ገዝቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ከታች ውሰዱ ብሎ አላስተማረሽም?»

«አስተምሮኛል።»

«ታዲያ?»

«ለእንግዳ ብለው ከላይ ሰጡኝ።»

ገበሬው ቀድሞ ሳቀ፤ እሷም ተከተለችው። «ይሄኛውም ለእኔ እንደዚሁ ሊያደርግ ነው የመጣው» አለች በክርኗ እየገፋችው። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «አሁን ባሌን እንደገና ልትወጊው ነው?» አለች።

«አይ። ጤነኛ ሰው ለእኔ ጥያቄ አይወጋም።»

«ጥሩ። እሱም አይመጣም ነበር። ያወቅሽ ዕለት ግን ነይ። ዝም አትበዪ።»

ምዕራፉን ከጽሑፌ አወጣሁት። አማካሪዬ አዘኑ፤ ግን አልተከራከሩም። ሥራው ናሙናዎቹ የተሰበሰቡበትን ያህል፣ ከዓመት በላይ፣ ዘገየ። ገጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ምክንያቱን ጨምሬ፣ ቱቦው ከመቀዝቀዙ በፊት ለደም እንዴት እንደሚፈተሽም ጨምሬ። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ የቀሩትን ወራት ሥራውን ለማንም አልሰጡም፤ በእጃቸው ያዙት።

የመጀመሪያዋ ሣጥን ስትደርሰኝ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። አዲሱ ገጽ እንደሚያዘው በሁሉም ላይ «ሦስት» ተብሎ ተጽፏል። ድሮ በየቱቦው ላይ በእሳቸው የተቀረጸ በሚመስል ጽሕፈት «የእንግዳ» ይል ነበር፤ ያንን እንደ ኮድ ብቻ ነበር ያየሁት። አሁን በእያንዳንዱ ላይ «የቤት ልጅ» የሚል ተጽፏል። ለቤት ልጅ ትራፊ መስጠት ነውር አይደለም።

ጉብታዋ አልነበረችም። በአራቱ ጠብታ ላይ የትሏን ክር ጨምሬ፣ አጣርቼ፣ በመንጠቆው አስይዤ መሣሪያውን አስነሳሁ። ሃያኛው ዙር አለፈ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የጮኸው ክር ዝም አለ። ሠላሳኛው አለፈ። በሠላሳ ሦስተኛው ላይ መስመሩ ቀና ማለት ጀመረ፤ ከሌሎቹ ቦታዎች ናሙናዎች ጋር እኩል፤ የተለየ ምንም የለውም። የጂንካ ግኝቴ በዚያች ቅጽበት አበቃ። ያም ሆኖ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ ይህኛው በእውነት ከጀርባ የመጣ ነበርና ትንሽ ቆይቼ አየሁት።

ስልክ ደወልኩላቸው።

«ወጣ?» አሉ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ።

«ወጣ ጋሼ። ግን በጣም ትንሽ ነው።»

«ትራፊ አይደል እንዴ! ምን ጠበቅሽ?»